ደጋ ላይ ክክ ለምን ይዘገያል? የአተር ክክ ሾርባ ጥያቄዎችና መልሶች

ከኅዳር ጀምሮ ደላንታና ለጋምቦ ላይ ውርጭ ማደር ሲጀምር፣ ደሴም ጧት ጧት ጋቢ ሳይደርቡ መውጣት ሲከብድ፣ ወደዚህ ዓምድ የሚላኩ ደብዳቤዎች ወደ ሾርባ ያዘነብላሉ። በዚህ እትም የመረጥናቸው ሁሉ የአተር ክክ ሾርባን የሚመለከቱ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ያስቸገራቸው አንድ ነገር ስለሆነ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተናል፤ የቀሩትም መልሶች እሱን ተመርኩዘው የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ አንድ ማዳበሪያ ክክ ለሁለት ተካፈልን። እሷ ሾርባውን በአንድ ሰዓት ታደርሳለች። እኔ ግን ሁለት ሰዓት እሳት ላይ አቆይቼው እንኳ አንዱ ሟሙቶ ሌላው ሳይበስል ይቀራል። ከሰል ስጨምርበት ደግሞ ሥሩ ያራል። ጥፋቱ የማን ነው? (የቤት እመቤት፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ ዋናው ምክንያት የከተማዎ ከፍታ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላው ውሃ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ በ94 ዲግሪ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 3,000 ሜትር በሚደርሱ ደጋዎች ወደ 90 ይወርዳል። ሁለት ሦስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ለክክ ግን የግማሽ ሰዓት ልዩነት ያመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳቱ ሲበዛ የሚጨምረው ትነቱ ብቻ ነው። ውሃው ይጎድላል፣ ከክኩ የወጣው ስታርች ሥር ይቀመጣል፣ ያራል፤ ፍሬው ግን ቶሎ አይበስልም። ስለዚህ ደጋ ላይ ክክ የሚያበስለው አስቀድሞ መዘፍዘፍና ቀስ ብሎ መንተክተክ ነው። ከሰልዎን ለዚያ ያቆዩት።

ክክን መዘፍዘፍ አያስፈልግም የሚባለው ለቆላና ለወይና ደጋ ሊሠራ ይችላል፤ ለደሴ አይሠራም። ለአንድ እጅ ክክ ሦስት እጅ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያቆዩት። በብርድ ወቅት ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ፍሬው የሚገባው ቀስ ብሎ ስለሆነ ለብ ባለው መጀመር ሰዓት ያተርፋል። ማታ ዘፍዝፎ ማሳደርም ይቻላል፤ ከምድጃው አጠገብ ግን አያሳድሩት፤ ሙቀት ካገኘ ጧት አረፋ ይዞ ኮምጥጦ ይጠብቅዎታል። በመዘፍዘፊያው ላይ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢጨምሩ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ጨው ክክ ያደርቃል የሚባለው ለመዘፍዘፊያ ውሃ አይሠራም። ክኩ በደንብ መራሱን ለማወቅ አንዱን ፍሬ በጥፍርዎ ይሰንጥቁት። መሐሉ ነጭና ደረቅ ከሆነ ገና ነው።

አንዱ ሟሙቶ ሌላው ሳይበስል መቅረቱ ግን በከፍታ ብቻ አይመጣም። የዘንድሮና የአምና ምርት ሲደባለቅ የሚሆነው ይኸው ነው፤ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ጎተራ የከረመ አተር በስንት ፍላት አይሸነፍም። እህትዎ ቤት ልዩነቱ ያልታየው ኮምቦልቻ ላይ ውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ አሮጌውም ተከትሎ ስለበሰለ ነው። ከገበያ ሲገዙ ቀለሙን ይዩ፤ አዲስ ክክ ብሩህ ነው፤ የከረመው ይደበዝዛል፣ ነቀዝ የበሳው ፍሬም ይገኝበታል። ለእንግዳ ከማብሰልዎ በፊት አንድ እፍኝ ብቻ ቀቅለው ቢሞክሩት ከብዙ ጭንቅ ይድናሉ። አሮጌ መሆኑ ከታወቀ በ400 ግራም ክክ መዘፍዘፊያ ላይ የሻይ ማንኪያ ሩብ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩና ውሃውን ደፍተው ሁለት ጊዜ ይጠቡት። ከዚያ በላይ አይጨምሩ፤ የሳሙና ጣዕም ይሰጠዋል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ለ6 ሰው ይህ ይበቃል፦ 400 ግራም የአተር ክክ (ባለ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሁለት)፣ 2 ሊትር የፈላ ውሃ፣ ለመጨመሪያ በበራድ የተቀመጠ ሌላ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ፣ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህል ዝንጅብል፣ 2 ካሮት፣ 1 ድንች፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 ሎሚ።

ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፈው በዘይት በመለስተኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ያቁላሉት። እንደ ወጥ ሽንኩርት እንዲጠቁር አይተዉት፤ ወርቃማ ሲሆን ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና እርዱን ጨምረው አንድ ደቂቃ ያማስሉ። የተዘፈዘፈውን ክክ ታጥቦና ተጠንፍፎ ይጨምሩበትና ሁለት ደቂቃ አብሮ ይቁላላ። ከዚያ 2 ሊትሩን የፈላ ውሃ ያፍሱበት። ሲፈላ ነጭ አረፋ ይወጣል፤ እሱን በማንኪያ ይግፈፉት። ካልተገፈፈ ድስቱ ይገነፍላል። አረፋው ሲያልቅ እሳቱን ይቀንሱና ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርገው እንዲንተከተክ ይተዉት። ድስቱ ከባድ ብረት ወይም ሸክላ ይሁን፤ ስስ አሉሚኒየም ሥሩን ቶሎ ይይዛል።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ካሮቱንና ድንቹን በትንንሹ ከትፈው ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ በየ10 ደቂቃው ሥሩን እየነካ በሚያልፍ ማማሰያ ያማስሉ። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው ከበራዱ የፈላው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ክኩን ለዘለዓለም አያደርቀውም፤ ፍላቱን ግን ያቆመዋል፣ ብርድ ባለበት ቤት ደግሞ ተመልሶ እስኪፈላ ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ደሴ ላይ የተዘፈዘፈ አዲስ ክክ ከ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይሟሟል። መድረሱን የምታውቁት በሰዓት አይደለም፤ በማንኪያ ጀርባ ድስቱ ጎን ላይ ሲጫኑት ያለ ምንም ጠጣር ነገር መዳመጥ አለበት።

ሲደርስ በማማሰያ በደንብ ይምቱት። ጨው ሁለት የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ይጨምሩና ይቅመሱ። ጨውን ለመጨረሻ የምናቆየው ሾርባው እየጎደለ ስለሚሄድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተመጠነው ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል። ሎሚና ቲማቲም ግን ፈጽሞ ክኩ ሳይበስል መግባት የለባቸውም። አሲድ የፍሬውን ግድግዳ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ቲማቲም ቀድሞ የገባበት ክክ ለመሟሟት በጣም ይዘገያል። ሎሚውን ድስቱ ከወረደ በኋላ በየሳህኑ ጭመቁበት።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙና በራዳችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገርባችሁ ካላችሁ፣ ውሃው ካልሲየም የበዛበት ነው፤ እሱም ክክ ያዘገያል። ውሃውን አስቀድማችሁ አፍልታችሁ ነጩ እስኪዘቅጥ ካቆያችሁት በኋላ ላዩን ብቻ ቀድታችሁ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ከገበያ የምንገዛው የአተር ክክ ጓያ ይደባለቅበታል ይባላል። አንዴ ከተከካ በኋላ በምን ይለያል? ተቀቅሎ ውሃው ቢደፋስ? (ገበሬና የቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ ከወገል ጤና)

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ጓያ ድርቅ ባለባቸው ዓመታት ወሎ ውስጥ ስንቱን እግሩን ይዞ እንዳስቀረ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ከነቅርፊቱ ሲሆን መለየት ቀላል ነው፦ አተር ድቡልቡል ነው፤ ጓያ ጠፍጠፍ ያለ፣ ማዕዘን ያለው፣ ጥርብ መሳይ ነው። ከተከካ በኋላ ግን ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ግማሽ ክብ ያልሆነ፣ ጠርዙ ማዕዘናማ የሆነ ፍሬ መብዛቱን ከማየት ውጪ በዓይን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ጉዳቱ የሚመጣው ጓያን ዋና ምግብ አድርገው በተከታታይ ለሁለትና ሦስት ወር ሲመገቡት ነው። በአንድ ሳህን ሾርባ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ቢገኝ ሽባ አያደርግም። እግሩ አንዴ ከተያዘ ግን መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ «ትንሽ ነው» ብሎ በየቀኑ መልመድ አይገባም። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎም ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። መቁላትም እንዲሁ።

የሚያስተማምነው መንገድ አተሩን ከነቅርፊቱ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቤት መከካት ነው። ለሾርባ የሚሆነውን ክክ አታምሱት፤ የታመሰ አተር ለሽሮ ጥሩ ጣዕም ይሰጣል፤ ሾርባ ውስጥ ግን መሟሟት ይከብደዋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ይልቅ አተሩን ውሃ አርከፍክፈውበት፣ በጆንያ ሸፍነው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ፀሐይ ላይ አስጥተው በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» እስኪል ያድርቁት። ቅርፊቱ ከፍሬው ስለሚላቀቅ ወፍጮው ላይ በቀላሉ ይከካል። ወፍጮ ቤት ከወሰዱት ድንጋዩን ራቅ አድርገው እንዲከኩት ይንገሩ፤ ጠበብ ካለ ግማሹ ዱቄት ሆኖ ይመጣል። በሰፌድ ሲበጠር ከ1 ኪሎ አተር 800 ግራም ገደማ ክክ ይገኛል። ደቃቁን አይጣሉት፤ ሾርባውን የሚያወፍረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሬዠር ገዝቼ ክክ ስቀቅልበት ማፏጫው ተደፍኖ ክዳኑን መክፈት ፈራሁ። ለክክ አይሆንም ማለት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይሆናል። እንዲያውም ለደጋ ሰው ከፕሬዠር የተሻለ መላ የለም፤ እንፋሎቱ ታፍኖ ስለሚቆይ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ የከፍታው ችግር በአብዛኛው ይቀራል። ክክ ግን አረፋ የሚያበዛ እህል ስለሆነ ሥርዓቱን ካልጠበቁለት ቀዳዳውን ይደፍናል።

መጠኑ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ፤ ባለ 5 ሊትር ከሆነ 400 ግራም ክክና 1.6 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ ትነት ስለሌለ ከተራው ድስት ያነሰ ውሃ ነው የሚፈልገው። ክዳኑን ሳይገጥሙ አፍልተው አረፋውን ይግፈፉ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ፤ ዘይቱ አረፋውን ይይዘዋል። ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት የእንፋሎት መውጫውን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት፤ ብርሃን ካላሳለፈ በመርፌ ይጥረጉት። ማፏጨት ከጀመረ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርገው የተዘፈዘፈውን ክክ ኮምቦልቻ ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ደሴ ላይ ከ13 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ አውርደው ራሱ እስኪበርድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተዉት። እንፋሎቱን በግድ ካስወጡት ክኩ አብሮ ተስፈንጥሮ ይወጣል።

እሳት ላይ እያለ ማፏጨቱን በድንገት ካቆመና ውሃ አለቀ የሚል ጥርጣሬ ከሌለዎት ተደፍኗል ማለት ነው። እሳቱን ያጥፉ፣ አይነካኩት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ክዳኑ እምቢ ሲል በጉልበት አይክፈቱ። ፈርተው መተውዎ ልክ ነበር።

ጥያቄ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ደሴ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይተን በኤሌክትሪክ ምድጃ እናበስላለን። ክኩ ግማሽ ሲደርስ መብራት ይጠፋል፤ ከሰል ደግሞ ውድ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ድስቱን በራሱ ሙቀት እንዲበስል ማድረግ ትችያለሽ። ክኩ አዳር የተዘፈዘፈ ይሁን፤ ለዚህ አሠራር ግድ ነው። መብራት እያለ ከፈላ ጀምሮ 20 ደቂቃ ክዳኑን ገጥመሽ አፍይው። ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የሞላ መሆን አለበት፤ ጎደሎ ድስት ቶሎ ይበርዳል። ክዳኑን ሳትከፍቺ አውርደሽ በፎጣ፣ ከዚያ በጋቢ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ከታችም ከላይም ጠቅልይው፤ ጭድ ወይም አሮጌ ልብስ የተሞላ ካርቶን ውስጥ ካስቀመጥሽው የበለጠ ይይዛል። ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ አትክፈቺው። መብራት ሲመጣ ወይም በትንሽ ከሰል 10 ደቂቃ በደንብ እንዲፈላ አድርጊና ሽንኩርቱን ለብቻው አቁላልተሽ ጨምሪበት።

ከሦስት ሰዓት በላይ ተጠቅልሎ እንዲቆይ ግን አትተዪው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲወርድ ባክቴሪያ የሚራባበት ልክ ላይ ይደርሳል። ሥጋ ያለበትን ሾርባም በዚህ መንገድ አታብስይ።

ከሰሉን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው፤ ቤት ከገባም በርና መስኮት ተከፍቶ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጭስም አይታይበትም፤ በብርድ ምክንያት በተዘጋች አንዲት ክፍል ውስጥ የተኙ ሰዎች ሳይነሱ ይቀራሉ። ሾርባው ካለቀ በኋላ «ቤቱን ያሙቅልን» ብላችሁ ፍሙን ይዛችሁ አትተኙ። ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ደጅ ውጡ።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ለገና ሰሞን በቀን ለ30 ሰው ሾርባ እናወጣለን። ጧት የሠራነው ማታ እንደ ገንፎ ይጠጥራል፤ ስናሞቀው ያራል፤ ውሃ ስንጨምር ደግሞ ውሃው ከላይ ክኩ ከታች ይሆናል።

መልስ፦ ሦስቱም ችግሮች መነሻቸው ስታርች ነው። ሙቅ ሳለ ላላ ያለው ስታርች ሲቀዘቅዝ ይያያዝና ይጠጥራል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ውሃ በመጨመር ይመለሳል፤ ቁም ነገሩ አጨማመሩ ላይ ነው። የቀዘቀዘውን ሾርባ እሳት ላይ ከመጣድዎ በፊት፣ ለአራት እጅ ሾርባ አንድ እጅ የፈላ ውሃ ድስቱ ሥር ያድርጉ፤ ሾርባውን በጭልፋ በጭልፋ እየጨመሩበት በመለስተኛ እሳት ያማስሉ። ጠጣሩን በደረቅ ድስት ከጣዱት ሥሩ ከማረሩ በፊት መሐሉ አይሞቅም። ካረረብዎ ሥሩን አይፋቁ፤ ላዩን ቀስ ብለው ወደ ሌላ ድስት ይገልብጡት። የተፋቀው ማንኪያ ሙሉ አራራ ሙሉውን ድስት ያበላሻል።

ውሃው ከክኩ የሚለየው ክኩ ሳይሟሟ ስለወረደ ነው። የእናንተ ከተማ ከደሴ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለብዛት የተጣደ ድስት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈልግ ይችላል። በወንፊት ማሳለፍ ወይም በብሌንደር መፍጨት መፍትሔ ይሆናል፤ ብሌንደሩን ግን በትኩስ ሾርባ ከሲሶው በላይ አይሙሉ፣ ክዳኑንም በፎጣ ይያዙ፤ እንፋሎቱ ገፍቶት ፊት ላይ ይረጫል።

ለ30 ሰው 2 ኪሎ ክክ፣ 10 ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ኪሎ ካሮት፣ ግማሽ ኪሎ ድንችና 1 ብርጭቆ ዘይት አድርጉ። ውሃውን ግን በዚያው ልክ አታባዙት፦ ትልቅ ድስት ከያዘው አንጻር የሚተነው ጥቂት ስለሆነ በ9 ሊትር ጀምራችሁ እያያችሁ ጨምሩ። ጨው በ60 ግራም ተጀምሮ በመቅመስ ይስተካከል። ገና እስኪገባ ጾም ስለሆነ ቅቤ አይታሰብም፤ ዘይቱን ግን አትሳሱበት፤ ጣዕሙንና ልስላሴውን የሚይዘው እሱ ነው። በተጨማሪ የተቆላ ሱፍ ወቅጣችሁ፣ በውሃ በጥብጣችሁ፣ አጥልላችሁ ሊትር ያህሉን ከወረደ በኋላ ብትጨምሩበት ወተት የገባበት ይመስላል። ሱፉ ከገባ ወዲያ አታፍሉት፤ ይፈረፈራል።

ለማታ የሚተርፈውን በትልቁ ድስት እንዳለ አትተዉት። የላሊበላ ሌሊት ቢበርድም 12 ሊትር ሾርባ መሐሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ያድራል፤ የሚኮመጥጠውም ለዚህ ነው። ሦስት ጣት በማይሞላ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪዎች ገልብጣችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ አስገቡት። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። የሚሞቀውም የሚበላው ያህል ብቻ ይሁን፤ ሁለቴ የሞቀ ለእንግዳ አይቀርብም።

ጥያቄ፦ ለረመዳን ማፍጠሪያ የአጃ ሾርባ ነው የለመድነው። የአተር ክክ በበግ አጥንት ብሠራ እንዴት ላቀናጀው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ክኩን በስሑር ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ እኩለ ቀን ላይ ውሃውን አንዴ ይቀይሩለት። አጥንቱና ክኩ አብረው መጣድ የለባቸውም፤ አጥንቱ ጣዕሙን ለመስጠት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ያን ያህል ሲቆይ ክኩ ሥር ይይዛል። ግማሽ ኪሎ የበግ አጥንት በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይጣዱ፤ ሲፈላ አረፋውን ገፍፈው በዝግታ ያፍሉት። መረቁን አጥልለው ከላይ በጻፍነው አሠራር በውሃው ፋንታ ይጠቀሙበት። ከዐስር ሶላት በፊት ክኩን ከጣዱ ለመግሪብ በእርጋታ ይደርሳል።

አጥንት ከሌለ ከ50 እስከ 70 ግራም ቋንጣ በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርገው፣ ለቅለቅ አድርገው፣ ክኩ ከተጣደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጨምሩ። ቋንጣው ጨውና በርበሬ ስላለበት ጨዉን በግማሽ ይቀንሱ። ለማጣፈጫ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና ቁንጥር ኮረሪማ ሲወርድ ይበቃዋል። ኮረሪማ ቀድሞ ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እኛ ዘንድ ያገሬ አተር የምንለው ደቃቁ አተር አለ። ለሾርባ ይሆናል ወይስ ማባከን ነው? (ከቆቦ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ጣዕሙም ከተራው አተር ይበልጣል። ይህ አተር ሰሜን ወሎና ደቡብ ትግራይ ላይ የሚበቅል የአካባቢው ሀብት ነው፤ ትግራይ ውስጥ ደቆቆ ይሉታል። ዋጋው ስለሚወደድ ሙሉውን ሾርባ በእሱ መሥራት ለዕለት ማዕድ ይከብዳል። ከ400 ግራሙ 100 ግራሙን ከእሱ፣ ቀሪውን ከተራው ቢያደርጉ ጣዕሙ በደንብ ይወጣል። ፍሬው አነስተኛ ስለሆነ ለብቻው ዘፍዝፈው፣ ተራው 20 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ይጨምሩት፤ አለዚያ አንዱ ሲሟሟ ሌላው ይቀራል።

ጥያቄ፦ እናቴ በዕድሜ ገፍተዋል፤ ጥርስ የላቸውም፤ ብርዱ ጠንቶባቸው ሾርባ እሠራላቸዋለሁ። የአተር ክክ ግን ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። ደም ማነስ አለባቸው ተብሎም ምስርና አተር እንዲያዘወትሩ ታዘዋል። (ከወረኢሉ)

መልስ፦ የሚነፋው አተር ውስጥ ያለ፣ ትንሹ አንጀት መፍጨት የማይችለው የስኳር ዓይነት ነው። ከፊሉ በመዘፍዘፊያው ውሃ ስለሚወጣ ያንን ውሃ ሁልጊዜ ይድፉት፤ ለእናትዎ ደግሞ ከተጣደ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ደቂቃ የፈላውንም ደፍተው በአዲስ የፈላ ውሃ ይጀምሩ። ዝንጅብሉን ጨመር ያድርጉ፤ ቃሪያ የሚጨምሩ ከሆነም ይተዉት። እስኪለምዱት ድረስ በግማሽ ጭልፋ ይጀምሩላቸውና በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት። በወንፊት ማሳለፉም ቅርፊት ስለሚያስቀር ይረዳል።

ለደም ማነሱ ሎሚ መጭመቅዎን አይርሱ፤ በሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት የአተሩን ብረት እንዲወስድ ያግዘዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ብረቱን ይዘው ያስቀሩታል። ወረኢሉ ላይ ሾርባው ሳይነሳ ጀበናው እንደሚጣድ እናውቃለን፤ የእናትዎን ስኒ ግን ከሾርባው አንድ ሰዓት አሳልፈው ይቅዱላቸው። የታዘዘላቸው መድኃኒት ካለ እሱን ሳያቋርጡ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት።